አንባቢው ያመነዎት ነገርና የራስዎ ሐሳብ፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአንባቢያን አገልግሎት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በስሜ በከፈትሁት የፌስቡክ ገጽ ላይ ወደ 4,800 የሚጠጉ ጓደኞች አሉኝ፤ ግጥም፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ስለ ከተማችን የማስበውንም አሰፍርበታለሁ። የቤተ መጻሕፍቱን የቴሌግራም ቻናል የከፈትሁትና የማንቀሳቅሰውም በራሴ ስልክ ነው። በቅርቡ ሰዎች ስለ ሐይቁ ዳርቻ ሲከራከሩ እንዲህ የሚል አስተያየት ሰጠሁ፦ ‹ስለ ሐይቁ የተሠሩ ጥናቶች እኛ መደርደሪያ ላይ አሉ። ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መጥቶ ያነበባቸው አንድም ሰው የለም። የማዋሰው እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ። ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት።› ጽሑፉ በስክሪንሾት ተዛመተ። ኃላፊዬ እንዳጠፋውና ከእንግዲህ ስለ ከተማው ጉዳይ እንዳልጽፍ በቃል አዘዙኝ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን አንድ የረዥም ጊዜ አንባቢያችን ‹ነገ ደግሞ እኔ የማነበውን ትጽፊ ይሆናል› ብለውኝ መቅረታቸው ነው። ገጼን ልዝጋ? ሁለት ገጽ ልክፈት? ወይስ በብዕር ስም ልጻፍ? ጋሼ፣ እርስዎ በሙያው ረዥም ዘመን ስለቆዩ ምክርዎን እሻለሁ።»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ ኃላፊዎና አንባቢዎ የተከፉት በአንድ ጽሑፍ ቢሆንም፣ ያስከፋቸው ግን አንድ ነገር አይደለም። ኃላፊዎ የተቆጡት ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቆይ ባሉበት ሐሳብ ነው። አንባቢዎን ያስደነገጣቸው ደግሞ «የማዋሰው እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ» የሚለው ቃል ነው። በእኔ ግምት አንባቢው ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው፤ ኃላፊዎ ግን ሊያርሙ የሚገባቸውን አልፈው፣ ሊያዙ በማይገባቸው ነገር ላይ አዘዋል። ጥያቄዎን የምመልሰው ከዚህ ልዩነት ተነሥቼ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ልዩነት ላላስተዋለ ሰው ገጽ መዝጋትም ሆነ ሁለት ገጽ መክፈት ምንም አይፈይድለትም።

አስተያየትዎን በአራት ከፍለን እንየው። ስለ ሐይቁ የተሠሩ ጥናቶች መደርደሪያችሁ ላይ እንዳሉ መናገርዎ የሙያዎ ሥራ ነው። በካታሎግ (በቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት ዝርዝር) የገባ ጽሑፍ ለማንም የተገለጠ ነውና፣ ሰዎች በሰሚ ሰሚ ሲከራከሩ ገብቶ «ጥናቱ እዚህ አለ፤ መጥታችሁ አንብቡ» የሚል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለከተማው ትልቅ ውለታ ይውላል። በተለይ የሐዋሳ ሐይቅ፣ ከጥቁር ውኃ ወንዝና ከዙሪያው ተዳፋት የሚገባበትን ውኃ ተቀብሎ መውጫ ወንዝ ሳይኖረው የሚኖር ሐይቅ በመሆኑ፣ ወደ እርሱ የሚገባው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ስለ ዳርቻው የሚባለው ነገር በጥናት ላይ ቢመሠረት የሚጠቀመው ነዋሪው ነው። ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚለው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ የእርስዎ የነዋሪነት ሐሳብ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የሚወርድ፣ እሑድ ልጆቹን ይዞ ውኃው ዳር የሚንሸራሸር ማንኛውም ሰው ያንኑ ወይም ተቃራኒውን ሊል ይችላል፤ እርስዎም እንደዚያው።

ስሕተቱ ያለው በመካከለኞቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ነው። «መጥቶ ያነበበ አንድም ሰው የለም» የሚለው ማንንም በስም ስላልጠራ ምስጢር ያወጣ አይመስልም። ነገር ግን እገሌ አልተዋሰም ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር የሚችለው እነማን እንደ ተዋሱ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያላነበበውን ሲያጋልጡ፣ ያነበበውንም የማጋለጥ ሥልጣን በእጅዎ እንዳለ ለሕዝብ አሳወቁ። አንባቢዎ የሰሙት ይህንን ነው። በዚያ ላይ አባባሉ በሙያ ሚዛንም የሚጸና አይደለም። የውሰት መዝገብ የሚነግረን ከቤተ መጻሕፍቱ ይዞት የወጣውን ሰው እንጂ ያነበበውን አይደለም፤ አንድ ሰው ጥናቱን በንባብ አዳራሽ ተቀምጦ ሊያነበው፣ ከዩኒቨርሲቲ ሊያገኘው፣ በኮምፒዩተሩ ሊኖረው ይችላል። «የማዋሰው እኔ ነኝና አውቃለሁ» ሲሉ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ወንበር ከግል ሐሳብዎ ጀርባ አስደግፈው አቆሙት። እንግዲህ የግል ማንነትና የሙያ ማንነት የተቀላቀሉት ፌስቡክ ላይ በመጻፍዎ ሳይሆን፣ በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

በሙያችን ይህ ነገር የተደነገገ ነው። ኢፍላ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በተጠቃሚው መካከል ያለው ግንኙነት የምስጢር ግንኙነት መሆኑን ይገልጻል፤ የተጠቃሚው መረጃ ከተሰጠበት አገልግሎት አልፎ ለሌላ እንዳይተላለፍም ባለሙያውን ይጠይቃል። ይኸው ደንብ ባለሙያው የግል እምነቱን ከሙያ ግዴታው እንዲለይ ያዛል፤ እምነት እንዳይኖረው ግን አያዝም። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር የሚደነግግ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ስለ ሰው ጤንነት፣ ሃይማኖት፣ የዘር ምንጭና የፖለቲካ አመለካከት የሚናገሩ መረጃዎች ከሌሎቹ የላቀ ጥበቃ እንዲደረግላቸው አድርጓል። አንድ አንባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ የተዋሳቸውን መጻሕፍት ዝርዝር በእጁ ያስገባ ሰው፣ ከእነዚህ አራት ነገሮች ቢያንስ አንዱን ሊገምት እንደሚችል ሰርኩሌሽን (መጽሐፍ የሚያውሰው ክፍል) ላይ የተቀመጠ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን የምለው ከሩቅ ቆሜ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ፣ አንድ ወጣት ተማሪ ስለሚጥል በሽታ የተጻፉ መጻሕፍትን በተከታታይ እየተዋሰ፣ ማስታወሻ እየያዘ ሲያነብ አይቼ እጅግ ደስ አለኝ። በዚያ ምሽት በገጼ ላይ ስሙን ሳልጠራ፣ «ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ሦስት መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አየሁ፤ እንዲህ ዓይነት አንባቢ ይብዛልን» ብዬ ጻፍሁ። ማመስገኔ ነበር። በማግሥቱ የዶርም ጓደኞቹ ማን እንደ ሆነ አወቁ፤ የየትኛው በሽታ መጻሕፍት እንደ ነበሩም ከጠረጴዛው ላይ አዩ፤ ተማሪው ለራሱ ብቻ ይዞት የነበረው ሕመም የሕንፃው ሁሉ ወሬ ሆነ። ጽሑፉን ባነሣውም፣ ቀርቤ ይቅርታ ብጠይቀውም፣ ያ ልጅ እስኪመረቅ ድረስ ለክሊራንስ ካልሆነ በቀር ወደ እኛ ቤት አልገባም። ከዚያ ወዲህ ስለ አንባቢ፣ ለምስጋናም ቢሆን፣ ያለ ፈቃዱ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። ለእርስዎም የምሰጥዎ የመጀመሪያው ምክር ይኸው ነው፦ በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሞ የሚጠይቅዎ ሰው፣ ምን እንደ ጠየቀ፣ ምን እንደ ጠላ፣ ምን እንዳልመለሰ፣ በየትኛውም ገጽ፣ በየትኛውም ስም፣ በየትኛውም ሰዓት ለጽሑፍ የሚሆን ጉዳይ አይሁን። ይህ የአንባቢው ንብረት እንጂ የእርስዎ የግል ትውስታ አይደለም።

ገጼን ልዝጋ ላሉት፣ አይዝጉ እላለሁ። ግጥምዎን የሚያነቡ፣ በእርስዎ በኩል ስለ መጻሕፍት የሚሰሙ ሰዎች ያሉበትን በር መዝጋት ለማንም አይጠቅምም፤ ያለ ገጽ የሚኖር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከገጹ ባለቤት ይልቅ ምስጢር ጠባቂ ነው የሚያሰኝ ነገርም የለም፤ ምስጢር በሻይ ቤትም ይወጣልና።

ሁለት ገጽ ልክፈት ላሉት ደግሞ መልሴ ጠንከር ያለ ነው። ሐዋሳ ሰው በሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሲሄዱ አብሮዎ የተሳፈረው ሰው «የላይብረሪዋ አይደሉም?» የሚልዎ ከሆነ፣ ስምዎን በሁለት መክፈል እርስዎን በሁለት አይከፍልዎትም። በስልክ ቁጥርዎ የከፈቱትን ሁለተኛ ገጽ፣ ቁጥርዎን በስልካቸው የያዙ አንባቢዎች ሁሉ «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለት ገጽ ያለው ሰው በአንደኛው ላይ ጥንቃቄውን የሚያላላ መሆኑ ነው፤ «ይህ የግሌ ነው» የሚለው ስሜት እጅን ይፈታል። በገጹ መግለጫ ላይ «የምጽፈው የራሴ አስተያየት ብቻ ነው» ብሎ ማስፈርም ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት ጋሻ አይሆንም፤ ስክሪንሾት ሲነሣ መግለጫው አብሮ አይነሣም። ይልቅስ የዚያን ቀን ሐሳብ በሚጽፉበት በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እንደ አንድ የሐዋሳ ነዋሪ» የሚሉ ሦስት አራት ቃላት ቢያስገቡ፣ ጽሑፉ በሄደበት ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ። መሥሪያ ቤትዎን የሚጠቅሰውን መስመር ደግሞ ከዚህ የግል ገጽ ላይ ቢያነሡት እመርጣለሁ፤ ሊደብቁት ሳይሆን፣ እዚያ የሚጻፈው ነገር ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ሥር እንዳይመስል።

የብዕር ስምን በተመለከተ ለግጥምዎ ከሆነ በደስታ እደግፋለሁ። በብዕር ስም መጻፍ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቆየ ልማድ ነው፤ እኛ ካታሎግ የምንሠራ ሰዎችም እናከብረዋለን። አንድ ደራሲ በአንድ ስም ልብ ወለድ፣ በሌላ ስም የሙያ ጽሑፍ ቢያወጣ፣ የካታሎግ ሕጋችን ለሁለቱም ስሞች በዝርዝሩ ውስጥ ለየብቻ ቦታ እንዲሰጥና በመካከላቸው «እንዲሁም ይመልከቱ» የሚል መጠቆሚያ እንዲኖር ይፈቅዳል። ይህን ያመጣሁት ለጥያቄዎ ጥሩ መልስ ስላለው ነው፦ ሁለት ስም መያዝ ማታለል የማይሆነው፣ በሁለቱ መካከል መጠቆሚያ ቢቆም የሚያሳፍር ነገር ከሌለ ነው። ግጥምዎ ነገ በእርስዎ ስም ቢታወቅ የሚጎዳ ነገር የለም። በብዕር ስም ተሸሽጎ ስለ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ባልደረባ ወይም ስለ አንባቢ መጻፍ ግን፣ በተገለጠ ቀን ከባዱን ጥፋት የሚያመጣ ነውና ፈጽሞ አይሞክሩት።

አሁን ወደ ቻናሉ እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት ከፌስቡክ አስተያየትዎ ይልቅ አጣዳፊው ይህ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ቻናል ባለቤት በእርስዎ የግል ስልክ የተከፈተው አካውንት ነው። ይህ ማለት ስልክዎ ቢሰረቅ፣ እርስዎ ቢታመሙ ወይም ሥራ ቢቀይሩ፣ የአንባቢዎቹ መሰብሰቢያ አብሮ ይጠፋል ማለት ነው፤ በሌላ በኩል ቤተ መጻሕፍቱ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ሁሉ ወደ እርስዎ የግል ኢንቦክስ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ስም ቁጥር አውጥቶ፣ በዚያ ቁጥር የቴሌግራም አካውንት ይክፈትና የቻናሉ ባለቤትነት ወደ እርሱ ይዛወር፤ እርስዎና አንድ ሌላ ባልደረባ አስተዳዳሪ ሆናችሁ ቀጥሉ። በቻናል ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በቻናሉ ስም እንጂ በጻፈው ሰው ስም አይታይም፤ የጸሐፊውን ስም የሚያሳየው ማስተካከያ ከበራ ግን ስምዎ ከሥር ይወጣልና መጥፋቱን ያረጋግጡ። የፌስቡክ ገጽ ካላችሁም፣ ከመጻፍዎ በፊት በማን ስም እየጻፉ እንደ ሆነ ከላይ ያለውን ምስል ይመልከቱ፤ በግል ስም ሊባል የታሰበ ነገር በመሥሪያ ቤቱ ስም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ትንሽ ቸልተኝነት ነው።

በቻናሉ ላይ ስለሚወጣው ይዘት ሦስት ነገር ልጨምር፤ ሦስቱም በየቤተ መጻሕፍቱ ስዞር ያየኋቸው ናቸው።

አንደኛው መጽሐፍ ያልመለሱ ሰዎች ዝርዝር ነው። በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፣ አሁን በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቻናል ላይ ይጫናል፤ ስሙ በግራ፣ የመጽሐፉ ርእስ በቀኝ። ሰሌዳው ላይ ያዩት አላፊ አግዳሚዎች ነበሩ፤ ቻናል ላይ ግን ለዘለዓለም ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ስምን ጽፎ ይፈልገዋል። ለእያንዳንዱ ሰው በግሉ፣ የመጽሐፉን ርእስ ሳይጠቅሱ፣ «በእጅዎ የሚገኘው መጽሐፍ የመመለሻ ጊዜው አልፏል» የሚል አጭር የጽሑፍ መልእክት ቢልኩ መጽሐፉም ይመለሳል፣ ሰውም አይዋረድም። ርእሱን የሚተዉት፣ አንድ ስልክ በአንድ ቤት ውስጥ ስንት እጅ እንደሚገባ ስለምናውቅ ነው።

ሁለተኛው የበዓል መልካም ምኞት ነው። በግል ገጽዎ ላይ ታኅሣሥ 19 ቀን የገብርኤልን ንግሥ ፎቶ ቢያወጡ መብትዎ ነው፤ ሙስሊም ባልደረባዎ የኢድ ሰላቱን ቢያወጣም እንዲሁ። በቻናሉ ላይ ግን አንዱን በዓል አክብሮ ሌላውን መዝለል፣ የተዘለለው አንባቢ በዚያ ቤት የባለቤትነት ስሜት እንዳይኖረው ያደርጋል። ፍቼ ጨምበላላን፣ ኢድንና ፋሲካን በእኩል አክብሮት መዘገብ ወይም ሁሉንም ትቶ የቤተ መጻሕፍቱን የሥራ ሰዓት ብቻ ማሳወቅ፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይሻላል። ቋንቋውም እንደዚሁ ነው። ሲዳምኛ የሚያነብ ሰው በሚበዛበት ከተማ የቻናሉ ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ ከሆነ፣ ይህ በእርስዎ የግል ምርጫ የመጣ ልማድ እንጂ የቤተ መጻሕፍቱ ውሳኔ ላይሆን ይችላልና ከባልደረቦችዎ ጋር ተነጋገሩበት።

ሦስተኛው የፒዲኤፍ ነገር ነው። በግል ቴሌግራምዎ «አዲሱን መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይላኩልኝ» የሚሉ ሰዎች እንደሚበዙ እገምታለሁ፤ ደግነትዎንም አውቃለሁ። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ያስከብራል። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ከእርስዎ የግል አካውንት ሲወጣ የሚያየው ሰው «እገሊት ላከችልኝ» አይልም፤ «ከላይብረሪ አገኘሁት» ይላል። የአማርኛ ደራሲ ከአንድ እትም የሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ በዚህ መንገድ ሲፈስስ ማየት እኔን በእውነት ያመኛል፤ ደራሲውን የሚያስነብብ ሰው የሚያከስረው እንዳይሆን እለምንዎታለሁ። መጽሐፉ መደርደሪያችሁ ላይ ካለ የመደርደሪያ ቁጥሩን ይላኩ፤ ከሌለም በግዥ ዝርዝር እንዲገባ ይጠይቁለት።

ስለ ኃላፊዎ ትእዛዝ እውነቱን ልንገርዎ። ስለ ውሰት የጻፉትን እንዲያነሡ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ምክንያቱን አልነገሩዎትም። ስለ ከተማው ጉዳይ ከእንግዲህ ምንም እንዳይጽፉ ማዘዛቸው ግን ከሥልጣናቸው በላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተደነገገ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ መሆንም ዜግነትን አያስቀርም። ተቋሙ በእውነት ሊጠይቅዎ የሚችለው ነገር አለ፦ በስሙ እንዳይናገሩ፣ በሥራ ምክንያት ያወቁትን እንዳያወጡ፣ በሥራ ሰዓት በግል ክርክር እንዳይጠመዱ፣ የአንባቢዎችን እኩልነት ጥርጣሬ ላይ የሚጥል ቅስቀሳ እንዳያደርጉ። ይህን ሁሉ በቃል ትእዛዝ ሳይሆን በጽሑፍ መመሪያ ማስፈር ይገባል፤ እርስዎም ለኃላፊዎ በአክብሮት «ረቂቁን እኔ ላዘጋጅ» ብለው ቢያቀርቡ፣ ክርክሩ ከሁለት ሰዎች ቁጣ ወጥቶ የሙያ ጉዳይ ይሆናል። ለመመሪያው ሁለት ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የሚያነበው ሰው እንዲኖር ከዚያ አያስበልጡት።

በዚያው ላይ ሕጉ ራሱ ከብዙ ተከታይ ጋር የሚመጣውን ኃላፊነት ያከብዳል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185፣ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ የሚቀጣ ሲሆን፣ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። ፌስቡክ የጓደኛን ቁጥር በ5,000 ቢወስነውም ተከታይን አይወስንምና፣ እርስዎ ወደዚያ መስመር ተጠግተዋል። የእርስዎ አስተያየት በዚህ የሚያስጠይቅ ነው ማለቴ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚጽፈውን ሰው ስለሚያምነው፣ «አንድም ሰው የለም» የሚል ቃል ከመጻፉ በፊት ከሌላው ሰው ይበልጥ ሊያረጋግጥ ይገባዋል ማለቴ ነው።

ስለ ቤተሰብ ፎቶዎና በምሽት ስለሚመጡ የአንባቢ መልእክቶችም ባጭሩ ልጨምር። ፌስቡክ እስከ ዛሬ ለሁሉም ክፍት አድርገው ያወጧቸውን ጽሑፎችና ፎቶዎች በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ ይጠቀሙበት፤ ከዚያም ግጥሞቹን ብቻ አንድ በአንድ መልሰው ይክፈቷቸው። የልጆች ፊት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የቤት በር ያለበት ፎቶ ግን ለ4,800 «ጓደኛ» ከሆነ ለሁሉም ክፍት ከመሆን ብዙ አይለይም፤ እነዚያን ያውርዱ። በቴሌግራም ደግሞ ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ አድርገው ይዝጉት፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ «መጽሐፍ ላድስ ነበር» ለሚልዎ አንባቢ በማግሥቱ በሥራ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤቱ አካውንት ይመልሱለት። ባለመመለስዎ የሚቆጣ ይኖራል፤ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም፤ ስለ ስም ነው። በሙያ ስምዎ የሚታወቁበት ቦታም ያስፈልግዎታል። ስለ ስድስት ዓመት ልምድዎ አንድ ቀን ጽሑፍ ማሳተም ሲፈልጉ፣ የውጭ መጽሔቶች የአባትዎን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው እርስዎን በአባትዎ ስም ይመዘግቡዎታል፤ ስምዎ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሦስት ዓይነት መንገድ ይጻፋል፤ በእኛው ፊደል እንኳ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ሦስት ሰው ይመስላሉ። እኛ ካታሎግ ላይ ለሌሎች ደራስያን የምናደርገውን ለራስዎም ያድርጉት፦ አንድ አጻጻፍ ይምረጡና በሁሉም የሙያ ጽሑፍ ላይ በዚያው ይጽኑ፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለውን ባለ16 አሐዝ መለያ ቁጥርም ያውጡ። የሙያ ማንነትዎ እንዲህ የራሱ መቀመጫ ሲኖረው፣ የግል ገጽዎ ላይ የሚጫነው ሸክም ይቀልላል።

ለአሁኑ ግን በዚህ ሳምንት የሚደረገው ይህ ነው። አስተያየቱን በዝምታ አያጥፉት፤ በስክሪንሾት የቀረ ጽሑፍ በዝምታ ሲጠፋ ጥፋተኛ የተደበቀ ያስመስላል። ከሥሩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ከላይ ማን መጻሕፍት እንደ ተዋሰና እንዳልተዋሰ የተናገርሁት ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለው መረጃ የአንባቢዎች ምስጢር ስለሆነ ልጠቅሰው አይገባኝም ነበር። ስለ ሐይቁ ዳርቻ ያለኝ ሐሳብ ግን እንደ አንድ ነዋሪ የራሴ ነው።» ይህ ለአንድ ሳምንት ከቆየ በኋላ የመጀመሪያውን አስተያየት ሊያነሡት ይችላሉ። ወደ ቀሩት አንባቢዎ ግን በስልክ አይደውሉ፤ ቁጥራቸውን ያገኙት ከአባልነት ካርዳቸው ከሆነ፣ ያ ራሱ የፈሩት ነገር ይሆንባቸዋል። መንገድ ላይ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያገኟቸው ይቅርታ ይጠይቋቸው፤ የውሰት መዝገባቸውን ማን ሊያየው እንደሚችልና መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ይንገሯቸው። መልሱን የማያውቁት ከሆነ፣ አስቀድመው ከመሥሪያ ቤትዎ ያጣሩት።

ቴሌግራም የቻናልን ባለቤትነት ለማዛወር የሚፈቅደው፣ የባለቤቱ አካውንት ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ማስተካከያ) ከበራ ቢያንስ ሰባት ቀን ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ቁጥር እስኪወጣ ሳይጠብቁ፣ ማረጋገጫውን ዛሬ ማታ ያብሩት፤ ሰባቱ ቀን ከዛሬ ይቆጠር።